ከአፕግሬድ በኋላ የቀሩት ፋይሎች ምን ይሁኑ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። የቢሮውን ፋይል ሰርቨር ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተከለው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው። ሲለቅ ለእኔ አስረከበኝ። በቅርቡ ከቨርዥን 13 ወደ 14 አሻገርኩት፤ ሶርስ ኮዱን አውርጄ፣ ኮምፓይል አድርጌ። ሁሉም ነገር ይሠራል። ፎልደሮቹን ስከፍት ግን ግራ ገባኝ። ከ14 ላይ ወጥቷል የተባለው ፖርትስናፕ (የፖርትስ ዝርዝር ማውረጃው) አሁንም ቁጭ ብሏል። ሊብክሪፕቶ የሚባለው የምስጢር ኮድ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ፋይል) ደግሞ ሁለት ነው፤ አንዱ ቁጥሩ 111፣ ሌላው 30። አዲሱ ሲጫን አሮጌውን ለምን አላጠፋውም? እኔ ያሰብኩት ቀናቸው ከአፕግሬዱ በፊት የሆኑትን ፋይሎች በ«ፋይንድ» ፈልጌ በአንዴ ማጥፋት ነው። ያስኬዳል?

*አንባቢ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቀን መርጠህ እንዳታጥፋ። ሌላውን ሁሉ ባታነብ እንኳ ይቺን ያዝልኝ።

ምክንያቱ ይኸውልህ። ፍሪቢኤስዲ ሁሉንም ፋይል በአንድ መንገድ አይጭንም። በ«ዩኤስአር/ኢንክሉድ» ሥር ያሉትን ሄደር ፋይሎች (ፕሮግራም ኮምፓይል ሲደረግ የሚነበቡትን) ሲጭን መጀመሪያ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ያወዳድራል። ይዘታቸው አንድ ከሆነ የነበረውን አይነካውም። ቀኑም እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ ከ13 ወደ 14 ሳይለወጥ የተሻገረ ሄደር ሁሉ በቀን ከፈለግከው አሮጌ መስሎ ይመጣልሃል። በቀን ካጠፋህ ጤነኛውን ፋይል ነው የምትነቅለው። በዚያው ሰዓት ደግሞ ምንም አይታይህም። ሰርቨሩ ሥራውን ይቀጥላል። ችግሩ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ አንድ ፕሮግራም ኮምፓይል ልታደርግ ስትል ነው። ያኔ ስህተቱን ከዛሬው ጽዳት ጋር የሚያገናኘው ሰው አይኖርም።

የተገላቢጦሹም አለ። መጥፋት የነበረበት ሄደር ከቀረ፣ ኮምፓይል የሚደረገው ፕሮግራም ገና ሲጀምር «ይህ ነገር በሲስተሙ ላይ አለ» ብሎ ይመዘግባል። መጨረሻ ላይ ግን የሚያያዝበት ላይብረሪ የለም። ሥራው ይቋረጣል። ሰው ይህን ሲያይ ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል። ቀሪዎቹ ፋይሎች መጥፋት አለባቸው የምለው ለዚህም ጭምር ነው እንጂ ለዲስክ ቦታ ብቻ አይደለም። ቦታ የሚይዙት ትንሽ ነው።

አሁን ወደ «ለምን አላጠፋውም» እንምጣ። ኮምፓይል የተደረገውን ሲስተም የሚጭነው «ሜክ ኢንስቶልወርልድ» ሥራው አዲሱን በቦታው ማስቀመጥ ነው፤ በቃ። ስሙ ያልተለወጠ ፋይል በአዲሱ ይተካል። ስሙ የተለወጠ ወይም ከነጭራሹ ከሲስተሙ የወጣ ፋይል ግን የሚተካው ነገር ስለሌለ ባለበት ይቀመጣል። ሲስተሙ ያንን ፋይል ማን እንዳመጣው አያውቅም። ከድሮው ቨርዥን የቀረ ሊሆን ይችላል፤ አንተ በእጅህ ያስገባኸውም ሊሆን ይችላል። ላይብረሪ ከሆነ ደግሞ አንድ ፕሮግራም አሁን በዚህች ደቂቃ እየተጠቀመበት ሊሆን ይችላል። በግምት ከሚያጠፋ ቢተወው ይሻላል፤ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ታዲያ የትኛው እንደቀረ የሚታወቀው በምንድን ነው? በዝርዝር። ሶርስ ኮዱ ዋና ፎልደር ውስጥ «ኦብሶሊትፋይልስ.ኢንክ» የሚባል ፋይል አለ። ክፈተውና ተመልከተው። አንድ ዴቨሎፐር ከሲስተሙ ላይ አንድ ነገር ሲያነሳ፣ እዚህ ፋይል አናት ላይ መዝገብ ይጨምራል። መጀመሪያ ቀኑን በዓመት፣ በወር፣ በቀን ይጽፋል። ከጎኑ ምክንያቱን በአንድ አጭር መስመር ያስቀምጣል። ከዚያ በታች የፋይሎቹ አድራሻ አንድ በአንድ ይከተላል። ለፋይል፣ ለላይብረሪና ለፎልደር የሚጻፉት ምልክቶች የተለያዩ ናቸው፤ ይህ ልዩነት በኋላ ይጠቅመናል። የቅርቡ ከላይ፣ የድሮው ከታች ነው። ወደ ታች ብትወርድ ከ14 ዓመት በላይ የኋላ ታሪክ ታነባለህ። ለምሳሌ ባይንድ የሚባለው የዲኤንኤስ ሰርቨር በ2014 በወጣው 10.0 ላይ ከሲስተሙ ወጥቶ ነበር፤ የእሱ ፋይሎች ስም እዚያ ተዘርዝሮ ታገኘዋለህ።

ይህን ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሮቦት የለም። ሰው ነው በእጁ የሚጽፈው። ለብዙ ዓመታት ይህን ያህል በጥንቃቄ ተይዞ መቆየቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በእኔ እምነት ከሶርስ አፕግሬድ የሚያደርግ ሰው ቢያንስ አንዴ ከፍቶ ሊያነበው ይገባል።

አሠራሩን ልንገርህ። መጀመሪያ ሶርስ ኮዱ ፎልደር ውስጥ ገብተህ «ሜክ ቼክ-ኦልድ» በል። ይህ ምንም አያጠፋም። በዝርዝሩ ላይ ካሉት ውስጥ አንተ ማሽን ላይ በትክክል ያሉትን ብቻ ያወጣልሃል። ሦስት ክፍል ነው፤ ፋይሎች፣ ላይብረሪዎች፣ ፎልደሮች። እኔ ውጤቱን ወደ ጽሑፍ ፋይል አስቀምጬ ነው የማነበው። ስክሪን ላይ ሲሮጥ ማንበብ አይቻልም፤ ደግሞም ከወራት በኋላ «ይህን ያጠፋሁት መቼ ነው» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ይገኛል።

ስታነብ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አሁንም የምትጠቀምበት አለ ወይ? አንተ ማሽን ላይ ከሚወጡት አንዱ የቴልኔት ሰርቨሩ ሊሆን ይችላል፤ 14.0 ላይ ከሲስተሙ ወጥቷል። ወደ ሰርቨሩ በቴልኔት (ከርቀት መግቢያ የድሮ ዘዴ) የሚገባ የቆየ መሣሪያ ካለህ አሁን ታውቀዋለህ። አሮጌው ፋይል እስካለ ድረስ፣ የኔትዎርክ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው «አይኔትዲ» ኮንፊግ ውስጥ ከተከፈተ፣ ዛሬም ግንኙነት ይቀበላል። ከእንግዲህ ግን የሲስተሙ አካል ስላልሆነ ቀዳዳ ቢገኝበት የምትጭነው አፕዴት አይደርሰውም። በ2011 መጨረሻ በዚሁ ፕሮግራም ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን በቀላሉ አያይም። የግድ የሚያስፈልግህ ከሆነ ከፓኬጆቹ ጫነው። የቀረውን አሮጌ ፋይል ይዘህ አትቀጥል።

አንብበህ ስትጨርስ «ሜክ ዲሊት-ኦልድ» ትላለህ። ፋይሎቹንና ፎልደሮቹን ያጠፋል። ላይብረሪዎቹን ግን አይነካም፤ እነሱ የራሳቸው ትእዛዝ አላቸው። ፖርትስናፕ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ ፎልደር የሚጠፋው ባዶ ከሆነ ብቻ ነው። ፖርትስናፕ ያወረዳቸው መረጃዎች በ«ቫር/ዲቢ/ፖርትስናፕ» ውስጥ ካሉ እዚያው ይቀራሉ። እነሱን በራስህ እጅ ማጥፋት አለብህ። ማጥፋቱ ችግር የለውም።

አሁን ዋናው ነገር፤ የ111 ሊብክሪፕቶ። እዚህ ላይ እባክህ አትቸኩል።

111 የሚለው ቁጥር የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ነው። ፍሪቢኤስዲ 13 በእሱ ነበር የሚሠራው። 14 ወደ ኦፕንኤስኤስኤል 3.0 ስለተሻገረ ቁጥሩ 30 ሆነ። የሲስተሙ የራሱ ፕሮግራሞች በሙሉ አዲሱን ይጠቀማሉ፤ አብረው ኮምፓይል ተደርገዋልና። በ«ዩኤስአር/ሎካል» ሥር ያሉት፣ ማለትም በፓኬጅ (ተዘጋጅቶ በሚወርድ) ወይም በፖርት (ራስህ ኮምፓይል በምታደርገው) የጫንካቸው ግን አሁንም 111ን ነው የሚፈልጉት። አንተ «ሁሉም ነገር ይሠራል» ያልከው አሮጌው ላይብረሪ ስላለ ነው። አሮጌው እዚያው የተተወው ፕሮግራሞችህ በአንድ ሌሊት እንዳይቆሙ ነው።

ግን እዚያው መኖር የለበትም። ለኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በመስከረም 2023 አብቅቷል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ስለዚህ ሰርቨርህ «14 ነኝ» እያለ፣ ዌብ ሰርቨሩ ወይም ዳታቤዙ ውስጥ ውስጡን በማይጠገን ኮድ ምስጢር ይጠብቃል። ምንም ማስጠንቀቂያ አይመጣም፤ ሎግ ላይም አይጻፍም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ፓኬጆቹን በሙሉ እንደገና ጫን፤ «ፒኬጂ-ስታቲክ አፕግሬድ» ከ«ኤፍ» ምልክት ጋር። ተራውን ፒኬጂ (የፓኬጅ መጫኛውን) ትተህ ስታቲኩን የምትጠቀመው፣ ፒኬጂ ራሱ ከአሮጌው ላይብረሪ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል ነው። ስታቲኩ የሚያስፈልገውን ሁሉ በውስጡ ይዟል። ፓኬጅ ሳይሆን ራስህ ከፖርት ኮምፓይል ያደረግከው ካለ እሱንም እንደገና ኮምፓይል አድርግ። ከዚያ ማሽኑን ሪስታርት አድርገው።

ቀጥሎ የቀረ እንዳለ ፈትሽ። ማንኛውንም ፕሮግራም «ኤልዲዲ» ብትለው የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች ይዘረዝርልሃል። በ«ዩኤስአር/ሎካል» ሥር ያሉትን ቢን፣ ኤስቢንና ሊብ በዚህ አልፋቸውና ውጤቱ ውስጥ 111ን ፈልግ። ሊብ የተባለውን አትዝለለው፤ የፒኤችፒና የፓይተን ተጨማሪዎች የሚደበቁት እዚያ ነው። አሁን እየሮጡ ያሉትን ለማየት ደግሞ «ፕሮክስታት» ከ«ኤ» እና «ቪ» ምልክቶች ጋር እያንዳንዱ ፕሮሰስ ሜሞሪ ላይ የያዘውን ፋይል ያሳይሃል። ድርጅቱ ገዝቶ ያስገባው፣ ሶርስ ኮዱ የሌለህ ፕሮግራም ካለ በተለይ እሱን ፈትሽ። ማንም እንደገና ኮምፓይል አያደርግልህም።

የትም 111 ካልተገኘ «ሜክ ዲሊት-ኦልድ-ሊብስ» በል። ራሱ ሲጀምር ያስጠነቅቅሃል፤ እነዚህን ላይብረሪዎች የሚጠቀም ፕሮግራም ካለ ከእንግዲህ አይነሳም ይልሃል። እውነቱን ነው። ከዚህ በፊት ግን በሌላ መስኮት እንደ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ገብተህ ክፍት አድርገህ ተወው። የሩትን ሥልጣን የሚሰጥህ ሱዶ የፓኬጅ ዕቃ ነው፤ ከሲስተሙ ጋር አይመጣም። ከአሮጌው ላይብረሪ ጋር የተያያዘ ሆኖ ከተገኘ፣ ለማስተካከል የምትገባበት በር ነው የሚዘጋብህ።

በመጨረሻ አንድ ልማድ ላስጠንቅቅህ። ላይብረሪው ከጠፋ በኋላ አንድ ፕሮግራም «111 አልተገኘም» ብሎ እምቢ ሲል፣ 30ን በ111 ስም ሊንክ አድርጎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። አታድርገው። ቁጥሩ የተለወጠው ውስጡ ስለተለወጠ ነው። ፕሮግራሙ ቢነሳ እንኳ የት ላይ እንደሚወድቅ አታውቅም፤ ወይም ሳይወድቅ የተሳሳተ ነገር ይሠራል። ፓኬጁን እንደገና ጫነው፤ ደቂቃ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሀዋሳ ነው። «ዲሊት-ኦልድ» ብዬ የእያንዳንዱን ፋይል ስም እየጠራ ጠየቀኝ። እኔም ኤንተር፣ ኤንተር እያልኩ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ሲጨርስ «ተወግዷል» የሚል ነገር ጻፈ። መልሼ ስፈትሽ ግን አንድም ፋይል አልጠፋም። ሲስተሙ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ምንም አልተበላሸም፤ አይጨነቁ። ያ ጥያቄ የሚመጣው ፋይል ከሚያጠፋው «አርኤም» ትእዛዝ ነው። እሱ ደግሞ «ዋይ» ካልተባለ በስተቀር ሌላውን ሁሉ እንደ እምቢታ ነው የሚቆጥረው። ባዶ ኤንተርም እምቢታ ነው። እርስዎ ለእያንዳንዱ ፋይል «አይጥፋ» ሲሉት ነው የዋሉት። መጨረሻ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ደግሞ ሥራው አለቀ ለማለት ነው እንጂ ምን ያህል እንደጠፋ አይቆጥርም።

ከ«ሜክ» ቀጥሎ «ባች ዲሊት ኦልድ ፋይልስ» የሚለውን ቃል በትልልቅ ፊደላት፣ በአንደርስኮር አያይዘው፣ ከፊቱ ሰረዝና «ዲ» አድርገው ቢጽፉ ጥያቄው ይቀራል፤ ሁሉንም በአንዴ ያጠፋል። እኔ ግን ይህን የምጠቀመው የ«ቼክ-ኦልድ»ን ውጤት አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ብቻ ነው። ለላይብረሪዎቹ ደግሞ ጥያቄውን እንዳለ እተወዋለሁ። ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱን አይቶ «ዋይ» ማለት አይከብድም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ፍራንክፈርት ሆኜ አንዲት ትንሽ ሰርቨር ተከራይቻለሁ። ዌብሳይቶቹ ጄይል (ከዋናው ሲስተም የተለየ ክፍል) ውስጥ ናቸው። ዋናውን ሲስተም አጸዳሁት፤ ጄይሎቹስ አብረው ይጸዳሉ? ሌላው፣ ሶርስ ኮዱን በጊት አድሼዋለሁ፤ የቀረውን ጽዳት በአዲሱ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ የበለጠ አደገኛ ነው። አትቀጥይ። «ዲሊት-ኦልድ» የሚያነበው ሶርስ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ነው። አንቺ አሁን ያደስሽው ኮድ ገና ማሽንሽ ላይ አልተጫነም። እዚያ ላይ «ቀርቷል» ተብሎ የተጻፈው ነገር፣ የአንቺ ሲስተም ዛሬ የሚሠራበት ሊሆን ይችላል። በተለይ ወደ ሌላ ብራንች ከተሻገርሽ። ወይ ወደተጫነው ኮሚት ተመለሺና ጨርሺ፣ ወይ አዲሱን ኮምፓይል አድርገሽ ጭነሽ ከዚያ አጽጂ።

በዚያው የኮምፓይል ምርጫዎች የሚጻፉበትን «ኤስአርሲ.ኮንፍ» የተባለውን ፋይልም እዪው። አንድ ነገር «ያለ እሱ ሥራ» ብለሽ እዚያ ከጻፍሽ፣ ለምሳሌ ያለ ብሉቱዝ፣ ጽዳቱ የዚያን ነገር ፋይሎች በሙሉ እንደ ቀሪ ቆጥሮ ያጠፋቸዋል። መስመሩን የጻፍሽው ለሌላ ማሽን ከነበረ አሁን አውጪው።

ወደ ጄይሎቹ ስንመጣ፣ አብረው አይጸዱም። እያንዳንዱ ሙሉ ጄይል የራሱ ሲስተም አለው፤ የራሱ ላይብረሪ፣ የራሱ ቀሪ ፋይል። ያንኑ ትእዛዝ «ዴስትዲር» ከሚለው ጋር የጄይሉን ፎልደር አድራሻ እየሰጠሽ ለየብቻ ትደግሚዋለሽ። ቅደም ተከተሉ ከላይ ለአዳማው አንባቢ የነገርኩት ነው፤ በጄይሉ ውስጥ ያሉት ፓኬጆች ይቅደሙ፣ ላይብረሪው መጨረሻ። ወደ ውጭ የተከፈቱት ዌብሳይቶችሽ እዚያ ስለሆኑ የ111ን ነገር ከዋናው ሲስተም ይልቅ ጄይሎቹ ላይ አጥብቀሽ ፈትሺ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው። ዲስኬ ትንሽ ነው። ኮምፓይል ካደረግኩ በኋላ የተረፉትን ትልልቅ ፎልደሮች ማጥፋት እችላለሁ? መብራት እየሄደ ስላስቸገረኝም ሥራውን ደጋግሜ ነው የጀመርኩት፤ የሚጎዳ ነገር ይኖራል?

መልስ፦ መብራቱ በኮምፓይሉ («ቢልድወርልድ») ጊዜ ከሄደ ጉዳቱ የጠፋው ሰዓት ነው። የሚሠራው ሁሉ «ዩኤስአር/ኦብጅ» ውስጥ ስለሆነ ሲስተሙን አይነካም። «ኢንስቶልወርልድ» ላይ ግን ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እሱን ዩፒኤስ ሳይኖር፣ ወይም መብራት በሚዋዥቅበት ሰዓት አትጀምር። የፋይል ሲስተምህ ዜድኤፍኤስ ከሆነ ከዚያ በፊት ቡት ኢንቫይሮንመንት (የሚነሳ የሲስተሙ ቅጂ) ፍጠር፤ ቢበላሽ ወደ ቀድሞው ትመለሳለህ።

ቦታውን የያዘብህ ያው «ዩኤስአር/ኦብጅ» ነው፤ ጊጋባይቶች ይበላል። ጭነህ፣ ሪስታርት አድርገህ፣ ሲስተሙ በደንብ መሥራቱን ካየህ በኋላ «ሜክ ክሊንወርልድ» ብለህ አጥፋው። ሌላ ማሽን ወይም ጄይል ከእሱ የምትጭን ከሆነ ግን እስክትጨርስ አቆየው።

የቀድሞውን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) የያዘውን «ቡት/ከርነል.ኦልድ» አትንካ። አዲሱ ከርነል አልነሳም ካለ መውጫህ እሱ ነው። ሥራውን ደጋግሜ ጀመርኩ ስላልክ አንድ ነገር ልጨምር፤ «ኢንስቶልከርነል» ሲባል ማሽኑ የተነሳበት ከርነል ወደ «ኦልድ» ይሄዳል፤ እዚያ የነበረው ይጠፋል። በአዲሱ ከርነል ተነስተህ፣ በደንብ ሳትሞክረው ሌላ ከጫንክ፣ ጥሩው ከሁለቱም ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። የምታምነውን በሌላ ስም ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ።

ማሽንህ በዩኢኤፍአይ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ እነዚህ ትእዛዞች የማይደርሱበት አንድ አሮጌ ፋይል አለ፤ በኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ ላይ ያለው የሲስተም አስነሺ «ሎደር.ኢኤፍአይ»። «ኢንስቶልወርልድ» የሚያድሰው በ«ቡት» ሥር ያለውን ነው። ፓርቲሽኑ ላይ ያለውን አይነካውም። ሲስተሙ ለጊዜው ያለ ችግር ይነሳል። አንድ ቀን የዜድኤፍኤስን ፑል (የዲስክ ክምችት) ለማሻሻል «ዜድፑል አፕግሬድ» ስትል ግን አሮጌው ሎደር አዲሱን ፑል ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ፑሉን ከመንካትህ በፊት አዲሱን ሎደር ከ«ቡት» ወደ ፓርቲሽኑ ኮፒ አድርግ። ፓርቲሽኑ ብዙ ጊዜ «ቡት/ኢኤፍአይ» ላይ ተያይዞ ታገኘዋለህ። ሎደሩ በሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ «ፍሪቢኤስዲ» በሚለው ፎልደርና «ቡት» በሚለው ፎልደር። ሁለቱንም ቀይር፤ ማሽንህ በየትኛው እንደሚነሳ ባዮሱ ነው የሚወስነው።